ሰባት ቤት ዳፍንት

በእኛ ቤት ማንም በበሽታ ዓይኑ ጠፍቶ አያውቅም። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው።

እናቴ ዓይኗ የጠፋው በልቅሶ ነው። የእኔ ታላቅ የነበረ ወንድሜ በልጅነቱ ሞተና አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ፈሰሰ ተባለ። ወንድሜ ከመወለዱ በፊትም አመሻሽ ላይ ማድጋ እየረገጠች ትሰብር እንደነበር የእናቴ እናት ነግራኛለች። አስቀድሞ ማልቀስም ይቻላል መሰለኝ። አምባራስ የኖሩት የእናቴ አባት ዓይናቸው የጠፋው በኩራዝ ብርሃን ዳዊት ሲደግሙ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው መሆናቸውን ያነሳ የለም። የእሳቸው እናት ደግሞ በድንበር ተጣልታ ደብተራ ደግሞባት ነው። የእናቴ ወንድም፣ እስከ ዛሬ በሕይወት ያሉት አጎቴ፣ ከአምባራስ ወደ ደባርቅ ገበያ ሲመጡ መብረቅ ብልጭ ብሎባቸው ነው። በዚያ ቀን ከእሳቸው ጋር ብዙ ሰውና ብዙ በቅሎ መንገድ ላይ ነበር። መብረቁ የመረጠው እሳቸውን ብቻ ነው። በቅሎዎቹ እንኳ ደህና ናቸው።

ስም አልጽፍም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የእነሱ ይበቃል።

እኔ አምሳን አልፌያለሁ። ደባርቅ እኖራለሁ። ቀን ቀን ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ፤ በሸንበቆ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው። በጎን ያለው የለም። ሲመሽ ፊት ለፊት ያለውም የለም። ተመስገን፤ የቀረልኝ ብዙ ነው።

ሲጀምረኝ ልጅ ነበርኩ። ዳፍንት ነው ተባለ። የዳፍንት መድኃኒቱ ጉበት ነው። አባቴ በግ አረደ፤ በጉበቱ እንፋሎት ዓይኔን ታጠንኩ፤ ከዚያም በላሁት። አልለቀቀኝም። ሌላ በግ ታረደ። ስንት በግ ለእኔ ዓይን እንዳለቀ እግዚአብሔር ያውቃል። በጎቹ የሚያርፉት ጾም ሲገባ ብቻ ነበር። ሁዳዴን ከእኔ ይልቅ የሚናፍቁት እነሱ ነበሩ።

ላገባ ሳምንት ሲቀረኝ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ያን ጊዜ የምትለየው ፀሐይንና ጥላን ብቻ ነበር።

«ስትሄጂ አቀርቅሪ» አለችኝ። «ሰው ትሕትና ይለዋል። ሲመሽ ከቤት አትውጪ፤ ጨዋነት ይሉታል።»

«ለልጁስ አይነገርም?»

«ምን ተብሎ? መድኃኒት አለውና ነው የሚነገር?»

እንዳለችው ሆነ። አቀረቀርኩ። ድንጋይ እንዳያደናቅፈኝ መሬት መሬቱን አይ ነበር። «ዓለምን የናቀች» ተባልኩ። ሳይመሽ ወደ ቤቴ ስሮጥ «ባሏን የምታከብር» ተባልኩ። አብዝቼ ስለማልናገር «ሐሜት የማትወድ» ተባልኩ። ዝምታዬም ከዓይኔ የመጣ ነው። ክፍሉ ውስጥ ማን እንዳለ ካላወቁ ዝም ማለት ይሻላል። በደብሩ ሴቶች ዘንድ ግማሽ ቅድስት ሆንኩ፤ ያለ ጾም፣ ያለ ስግደት፣ በድንጋይ ፍራቻ ብቻ። ጾሙንና ስግደቱንም አላስቀረሁም፤ ግን ማንም ስለዚያ አመስግኖኝ አያውቅም።

ቅድስናዬ ግን ገበያ ላይ አይሠራም ነበር። ከጎኔ ቆመው «እንደምን አደርሽ» ያሉኝን ሁሉ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ትሑት፣ በድንች ተራ ኩሩ ነበርኩ። ሁለቱም አንዲት ሴት መሆኗ ማንንም አላስገረመም።

ባለቤቴ ድንች ነጋዴ ነው። እግዚአብሔር ለእኔ ቃል ሲቆጥብ የተረፈውን ለእሱ ሰጠው። ነገሩን ያወቀው በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ አመሻሽ ሳይጠበቅ ቀድሞ ገብቶ መደብ ላይ ተቀምጧል። እኔ አላየሁትም። ውኃ የሞላ ማሰሮ አምጥቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰክረሻል እንዴ አንቺ ሴት!»

ነገርኩት። ከማድጋው እስከ መብረቁ ሁሉንም ነገርኩት። በጠቅላላ ዘመናችን ግማሽ ቀን ዝም ያለው ያኔ ብቻ ነው። በማግስቱ ጠየቀኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታገባኝ ነበር?»

ማሰብ ጀመረ። አስቦ ሳይጨርስ ልጅ ተወለደች። እስከ ዛሬም አልመለሰልኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም። ደግ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤት ሲገባ ከበሩ ጀምሮ ያወራል፤ የት እንዳለ እንዳውቅ። ወሬው ያን ያህል የበዛው በእኔ ምክንያት ነው ብሎ ለሰው ይናገራል። ከእኔ በፊትም እንዲሁ እንደነበር እናቱ ነግራኛለች።

ነገር ግን እነዚያን ሦስት ዓመታት አልረሳሁም። መቅረዙን የት አኖርኩ፣ በርጩማው የት ነው፣ አማቴ የት ተቀምጣለች እያልኩ በየቀኑ አመሻሽ ላይ እንደ ሌባ በገዛ ቤቴ ውስጥ እየዳበስኩ ኖርኩ። ዕውርነት ከዚያ ይቀላል።

ልጄ መምህርት ከሆነች በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ ደባርቅ መጡ። የዓይን ሞራ ያለባቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰልፈው ገቡ፤ በማግስቱ ፋሻቸው ሲፈታ እያዩ ወጡ። እልል ተባለ። ምራቶቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አይተው የተጸጸቱም ነበሩ። እኔም ተሰለፍኩ። አዩኝና «የእርስዎ ሞራ አይደለም፤ ጎንደር ይሂዱ» አሉኝ።

ልጄ ይዛኝ ሄደች። ጎንደር ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ ትሑት። ጨለማ ክፍል አስገብቶ በዓይኔ ውስጥ ብርሃን እያበራ ብዙ አየ።

«እማማ፣ በቤተሰብዎ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«አዎ። ግን በሌላ በሌላ ምክንያት ነው።»

ቆጠርኩለት። ልቅሶውን፣ ዳዊቱን፣ ደብተራውን፣ መብረቁን። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። አልሳቀም፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

«እማማ፣ ይኼ ሁሉ አንድ በሽታ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ። ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ቀስ በቀስ ይሞታል።»

«መብረቁስ?»

«መብረቁም።»

ከዚያ ልጄን ተመለከተ። «እህቴ፣ አንቺስ ሲመሽ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ» አለች፤ ቶሎ ብላ። በጣም ቶሎ ብላ። ያን ችኮላ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው።

እሷንም መረመራት፤ አለባት። ለሚወለድ ልጅ ሁሉ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው አለ። መድኃኒት ለጊዜው የለም፤ ፀሐይ አይምታችሁ፣ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጉ አለን። አመስግነን ወጣን።

ደባርቅ ስንደርስ መሽቷል። ከመናኸሪያው ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወደ ቤት ተጓዝን። ብዙ ሄድን። እኔ እሷ የምትመራኝ መስሎኛል፤ እሷ እኔ የምመራት መስሏታል። የሰው አጥር ገጭተን ቆምን። ውሻ ጮኸብን።

«የት ነው ያለነው?» አለችኝ።

«አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ ብዬ ነበር» አልኳት።

ሳቅን። ከዚያ እሷ አለቀሰች። እኔም ከጎንደር ጀምሮ ያላለቀስኩትን እዚያው የሰው አጥር ተደግፌ አለቀስኩ። ባለቤቴ ፋኖስ ይዞ እያወራ ሲመጣ ከሩቅ ሰማነው፤ ድምፁን ተከትለን ገባን።

መነጽሩን እንደታዘዝኩት አድርጌ ገበያ ወጣሁ። «ሐዘን ነው ወይስ ሀብት?» ብላ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጠየቀችኝ። አንዱ ደግሞ ፈረንጅ አስከትዬ ተራራ የምወጣ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። በሳምንቱ መነጽሩን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሐኪሙ የሚገባውን ተናግሯል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ ልምጣ።

ልጄ ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት ከዳባት ጠያቂ መጣ። ልጁ እንደ እሷ መምህር ነው፤ አብረው ሲሠለጥኑ ነው የተዋወቁት። ከእሱ በፊት አንድ ሌላ ነበር፤ አንድ አመሻሽ ከጓደኞቹ ጋር ሲሸኛት ቦይ ውስጥ ገባችና «ትጠጣለች» ብሎ ቀረ። ይኼኛውን ግን ትወደዋለች። ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ ይለወጣል። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ወደ ጓዳ ገባች።

«እማዬ፣ ነገ ዝም ትይልኛለሽ።»

«ለልጁ ነግረሽዋል?»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ከሰርጉ በኋላ። አንቺስ መቼ ነው የነገርሽው?»

«እኔ አልነገርኩም። ውኃ ደፋሁበት።»

አልሳቀችም። «እማዬ፣ ይኼም ከቀረብኝ ሌላ አይመጣም። ዝም ማለት ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ብቻ ጨምሪልኝ» አለችኝ።

ባለቤቴ ከውጭ ሰምቷል። «ያልተጠየቀ አይመለስም!» አለ። «ድንች ስሸጥ የተበላሸውን ከላይ አደርጋለሁ እንዴ?»

ሌላ ምን እላለሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እመቤቴን ዝምታ ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልለምናት የሰጠችኝን።

በማግስቱ ከዳባት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የልጁ ቤተሰብ የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው በጣም ረጅም ሰው ናቸው፤ ከቁመታቸው የተነሣ እኔ በአንድ ጊዜ የማየው ግማሻቸውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ጠላ ጠጪ ናቸው፤ ለመጠጣት ካልሆነ አፋቸውን አልከፈቱም። በእኛ በኩል ባለቤቴ፣ ሁለት ጎረቤቶችና ዘራችንን የሚቆጥሩት አጎቴ ተቀመጡ። ልጄ ከመጋረጃው ኋላ ናት። እኔ ጠላ እቀዳለሁ። የምቀዳው በጆሮ ነው፤ ዋንጫው ሊሞላ ሲል ድምፁ ይቀጥናል።

ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። እንደ ደንቡ ጥቂት አስቆምናቸውና ተቀመጡ አልናቸው። ቄሱም «እንግዲህ እንቆጣጠር፤ ደም ከደም እንዳይጋባ» አሉ።

በአገራችን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የሁለቱም ወገን ሽማግሌ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ትውልድ ይወጣል። በሁለቱ መካከል አንድ ስም ከገጠመ ጋብቻው ቀረ። ጥሩ ሕግ ነው። ስሙን ነው እንጂ ሰውየውን አይቆጥርም።

ረጅሙ ሽማግሌ የልጁን ወገን ቆጠሩ። ሁሉም ደግ፣ ሁሉም ጀግና፣ ሁሉም ደብር የተከለ። ከሰባት ትውልድ አንድ ሰነፍ ጠፋ። ዳባት በእንዲህ ያሉ ሰዎች ተሞልታ እንዴት እስካሁን ገነት እንዳልሆነች ገረመኝ።

ቀጥሎ አጎቴ ቆጠሩ። ቆጠራቸው ያምራል፤ ስሙን ሲጠሩ ሰውየው በበር የሚገባ ይመስላል። የእኛዎቹም ደጎችና ጀግኖች ሆኑ። ለአያቴ ዳዊት ደጋሚነትን ጨመሩላቸው። ከአንድ ስም አንድ ስም አልገጠመም።

«ተመስገን፤ ባዕድ ነን» አሉ ቄሱ። «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዓይንዎን ምን ነክቶዎት ነው?»

«መብረቅ ነው አባቴ።»

«ወይ የእግዚአብሔር ሥራ! መቼስ ሲመታ...»

«አይመርጥም አባቴ፤ አይመርጥም።»

ሁሉም ከንፈር መጠጠ። ጠላ ጠጪው እንኳ ዋንጫቸውን አስቀምጠው መጠጡ።

ቄሱ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቁ። ይህችን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል፤ መልሷን ማንም አይጠብቅም። «መቼስ በወገናችሁ ቁምጥናም፣ የሚጥል በሽታም፣ በዘር የሚተላለፍ ደዌም የለም?»

«የለም!» አለ ባለቤቴ። «ዘራችን የነጠረ ወርቅ ነው!»

«የለም» አሉ አጎቴ።

«እንግዲያስ ተመስ...»

«አለ» አልኩ።

ለረጅሙ ሽማግሌ እየቀዳሁ ነበር። ድምፁ ሲቀጥን አልሰማሁም፤ ጠላው ሞልቶ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። የእኔ ምስክርነት ሁሌም በሰው ጉልበት ነው የሚጀምረው።

«ምን አልሽ ልጄ?» አሉ ቄሱ።

«አለ አባቴ። በዘር የሚተላለፍ የዓይን በሽታ አለን። እናቴ በእሱ ነው የታወረች፤ አባቷም፣ የአባቷም እናት። እኔም አለብኝ። አሁን እርስዎን አያለሁ፤ አጠገብዎ ያሉትን ግን አላይም።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው!» አሉ አጎቴ። «የእኔ መብረቅ ነው!»

«አጎቴ፣ መብረቁ ለእናቴም ደረሳት?»

«እሷ በልቅሶ ነው!»

«አያቴስ?»

«በዳዊት!»

«ፊደል ያውቁ ነበር?»

አጎቴ ከዘራቸውን ዳበሱ። ባለቤቴ ዝም አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ በዕድሜው። ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጂቱስ?»

ፊቴን ወደ መጋረጃው አዞርኩ።

«ልጂቱም» አልኩ። «ቀን ደህና ናት። ሲመሽ አታይም። ወደፊት ይብስባታል። ሐኪም ነግሮናል። መልካም ልጅ ናት፤ ይኼን ግን ሳታውቁ አትውሰዱብኝ።»

ለእኔ ይህ የአንድ ዓመት ንግግር ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሡ። እንመካከርበታለን አሉ። ጠጪው ሽማግሌ ጠላቸውን ሳይጨርሱ መነሣታቸውን ሳይ ነገሩ የከፋ መሆኑ ገባኝ።

ልጄ ከመጋረጃው ወጥታ በአጠገቤ አለፈች። በየትኛው ጎኔ እንዳለፈች አላየሁም። በሩ ሲዘጋ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ከሦስት ሳምንት በላይ አላናገረችኝም። ማዕድ ላይ «አባዬ፣ ጨው እንድታቀብለኝ ንገራት» ትላለች። እሱም «ጨው አቀብዪያት ትልሻለች» ይለኛል። ጨው አቀብላለሁ። ጨው የተትረፈረፈበት ሦስት ሳምንት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ «ዝምታ ለምኜሽ ነበር እኮ» አልኳት እመቤቴን። ሰግጄ ተመለስኩ።

ወሬው በደባርቅ ገበያ አንድ ቀን አልፈጀም። አንዱ ጥቅሙ፣ ለዓመታት ሰላምታዬን የነፈግኳቸው ሰዎች ይቅር አሉኝ። «እንዲያ ነው እንዴ! እኔ ንቀት ነው ብዬ ቂም ይዤ ነበር» እያሉ እጄን ይዘው ሳሙኝ። ቂም መያዛቸውን እንኳ አላየሁም ነበር። የደብሩ ሴቶች ግን ተቀየሙኝ። በትሕትናዬ ልጆቻቸውን ሲመክሩ ኖረው ኖሮ፣ ድንጋይ ስፈልግ እንደነበር ሲሰሙ የተታለሉ መሰላቸው። ከቅድስና ወረድኩ። ወገቤ ሳይቀር አረፈልኝ።

ከዳባት ግን ምንም የለም። አንድ ሳምንት። ሁለት ሳምንት። ልጄ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አጎቴ «አፍሽን ከምትከፍቺ ጓዳውን በከፈትሽ» አሉኝ። አባቷ ለድንቹ ጆንያ እየነገረ ያለቅስ ነበር። እኔም ያጠፋሁ መሰለኝ። የራሴን ሦስት ዓመት ለማስተስረይ የልጄን ዕድሜ የከፈልኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ልጁ ነው። ያለ ሽማግሌ፣ ብቻውን፣ በሚኒባስ መጥቶ። ነውር ነው፤ ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ ይኼንኑ አንድ ሰዓት ያስረዳው ነበር።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ።»

አልገባም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አመሻሽ ላይ አብረን ስንሄድ ሁሌ ትጠጋኛለች። ክንዴን አጥብቃ ትይዛለች፣ ትገፋኛለች። አንዴ እንዲያውም ገፍታኝ ግንብ አስመትታኛለች።» ክንዱን አሻሸ። «እኔ ፍቅር መስሎኝ ነበር።»

አሳዘነኝ። «ልጄ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አልኩት። «እኔም የልጄን አባት የምይዘው ለሁለቱም ነው። እሷን ጠይቃት።»

ከቤት ጠራኋት። ወጣች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ግን ወደ ጓሮ ሄድኩ። የነጭ ሽንኩርቱን መደብ አረምኩ። ስጨርስ ያረምኩት ሽንኩርቱን መሆኑን አወቅኩ። በዚያ ቀን ዓይኔን አልከሰውም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። አሁን የልጁ አባትም አብረው አሉ፤ ዳባት ስንዴ የሚያርሱ፣ ቁጣቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው። ተቀመጡ። ቄሱ ቆመው ቀሩ።

«ያለፈው ቆጠራችን ጎደሎ ነበር» አሉ። «እነሱ እውነቱን ነገሩን። እኛስ ምን ነገርናቸው? ሰባት ጀግና! ይኼን ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ አናዝዣለሁ፤ እኔ እንኳ የማውቀው አለ። እንደገና እንቆጥራለን።»

«አባ!» አሉ የልጁ አባት።

«ኑዛዜህን አላወጣም። አንተው ቁጠር።»

የልጁ አባት ተቆጥተው ጀመሩ። የእሳቸው አባት የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ የሞቱትም በጀግንነት ሳይሆን እሳት ላይ ወድቀው ነው። አያታቸው ሰው ገድለው ከወልቃይት ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ ደብሩን የተከሉት ለንስሐ ነው። የሚስታቸው ወንድም ለስምንት ዓመት ጸበል ቦታ ታስሮ ነው ያለ። «አንዷ አክስቴ ደግሞ» ብለው ጣታቸውን መልሰው ዘረጉ፤ «እሷ ደህና ናት። ክፉ ናት እንጂ ደህና ናት።»

ጠጪው ሽማግሌ ሳቁ። ከዚያ ቆጠራውን ማንም ሊያስቆመው አልቻለም። ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቀው የገዛ አባቱን ስስት ቆጠረ፤ ከአያቱም ስስት ጋር አመሳከረው። ረጅሙ ሽማግሌ የማንም ወገን ሳይሆኑ የራሳቸውን ዘር መቁጠር ጀመሩና ቄሱ አስቆሟቸው። እኔ ሰባት ቤት እንዲህ ደስ ብሎት ሲቆጠር ሰምቼ አላውቅም። ከሁለቱ ወገን አንድ ጀግና አልተረፈም።

በመጨረሻ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መብረቅ አልነበረም» አሉ። «ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ሰርግ ቤት አምሽቼ ጉድጓድ ገብቻለሁ። ሰክሬ ነው ብዬ ማልኩ። አልሰከርኩም ነበር።» ቀጥለውም «መብረቁ ግን ነበር፤ በቅሎዎቹም ደንግጠዋል» አሉ። ይህን ማንም ሊነጥቃቸው አልፈለገም።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅ ቢወልዱስ፣ እማወራ?»

«ግማሽ በግማሽ ነው ብሏል ሐኪሙ።»

የልጁ አባት ወደ እኛ ዞሩ። «የእኔ ልጅ ሌላ አላገባም ብሏል። እናቱ ታለቅሳለች። እኔም ደስ አላለኝም፤ አልዋሽም። ግን ያለባችሁን ሳትደብቁ ከነገራችሁን፣ የጠየቅኩትን ትቼ አልሄድም።»

ቄሱ ባረኩ። ቀን ተቆረጠ። የልጁ እናት እስከ ዛሬ እኔን ስትስመኝ ጉንጯን ብቻ ነው የምትሰጠኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ ምራት እመኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ሲሉ ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ መጣ።

«እማዬ።»

ከሦስት ሳምንት በላይ ያልሰማሁት ቃል ነው። ማሰሮውን አስቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ሰርጉ በቀን ይሁን በያቸው።»

«ሰርግማ በቀን ነው፤ ሌት የሚያገባ ሽፍታ ነው እንዴ?» አሉ ረጅሙ ሽማግሌ።

«ሰርገኛ ግን የሚደርስ ማታ ነው» አልኩ። «ልጄ ማን እንደመጣ፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ ማየት ትፈልጋለች።»

የልጁ አባት ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንደርሳለን» አሉ።

አላመንኳቸውም። በእኛ አገር በሰዓቱ የደረሰ ሰርገኛ ማንም አይቶ አያውቅም። እነሱ ግን ከዳባት የተነሡት ወፍ ሲንጫጫ ኖሯል። በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ጡሩምባ እየነፉ በራችን ላይ ቆሙ። ወጡ ገና አልበሰለም። ባለቤቴ ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ በዕድሜው የሚናገረው አጣ። ጎረቤቶቼ ዳሱን ገና እየወጠሩ «ምን ዓይነት ነውረኛ ሰርገኛ ነው፣ በሰዓቱ የሚመጣ!» ይላሉ።

ልጄ ሙሽራ ናትና ከመጋረጃው ኋላ መቆየት ነበረባት። አልቆየችም። መስኮቱን ከፍታ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ከበሩ ጀምሮ የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ቄሱን፣ ረጅሙን፣ ያኮረፈችውን አማቷን፣ መጨረሻ ላይ እሱን። እሱ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተለወጠ። እኔም አልጠየቅኳት።